በላቸው ካንትሪ የጀመረ ጊዜ

በላቸው ሞተ። ዜናውን ያገኘሁት እንደማንኛውም ሰው በስልኬ፣ የኦስሎ ሐበሻ ሁሉ ከተከማቸበት ግሩፕ ላይ ነው። አስከሬኑ ገና ከሆስፒታል ሳይወጣ ግሩፑ በሻማ ሥዕልና በ«ነፍስ ይማር» ተጥለቅልቆ ነበር። «ታላቁ ድምፃችን» ይላል አንዱ። «የሠርጎቻችን ድምቀት» ይላል ሌላው። አንዱማ «ቀኝ እጄን አጣሁ» ብሎ ጽፏል፤ ይህ ሰው በላቸውን ግሮንላንድ ሰፈር ውስጥ ሲያየው ሰላም ላለማለት መንገድ የሚሻገር ሰው ነበር። ከየጽሑፉ ሥር የተለጠፈው ቪዲዮ ደግሞ አንድ ነው፤ ያቺ ስለ ቀጭን ልጅ ትከሻ የምታወራ የድሮ ዘፈኑ። ባርኔጣ አድርጎ የተነሣውን ፎቶ የለጠፈ አንድም ሰው አላየሁም። ፈልጌም አጣሁ።

እኔ ምንም አልጻፍኩም። በላቸውን ወድጄው አላውቅም፤ ይህን ከመጀመሪያው ተናግሬ ልገላገል። ግን እዚህ አገር ካወቅኳቸው ሰዎች ሁሉ ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለኝ እሱ ነው። ከእሱ የባሱት ደግሞ አድማጮቹ ናቸው፤ ለእነሱም የምለው አለኝ።

ለብዙ ዓመት ሠርግ ላይ ኪቦርድ እጫወትለት ነበር። በላቸው ጉረኛ ነበር፤ ጉራው ደግሞ በክረምት ይብስበታል። ነጭ ጫማውን በፌስታል ጠቅልሎ ይዞ ይመጣና በረዶውን በወፍራም ቡትስ አቋርጦ፣ አዳራሹ በር ላይ አንድ እጁን ትከሻዬ ላይ ጥሎ ይቀይራል። እየቀየረ «ሕዝቤ ገብቷል?» ይለኛል። ሕዝቤ የሚለው ጥሬ ሥጋ ፊት የሚጋፋውን ሠርገኛ ነው። ሁልጊዜ ያረፍዳል፤ ማርፈዱንም «መጠበቅ ያስከብራል» ብሎ ያስረዳል።

ሥራውን ግን ያውቅበታል። ገና ሳይዘፍን የሙሽራውን አጎት ስም፣ የሙሽሪትን ታላቅ ወንድም ስም፣ ከጀርመን የመጣውን እንግዳ ስም ጠይቆ ይይዛል። ከዚያ በዘፈኑ መሀል እየጠራ ያወድሳቸዋል። የተወደሰው ሰው እንደምንም ከወንበሩ ይነሣና እየተውረገረገ መጥቶ ብር ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። በላቸው ይህን ስለሚያውቅ አንገቱን ወደ ኋላ ለጠጥ፣ ግንባሩን ቀና አድርጎ ነው የሚዘፍነው። ሲጨርስ ግንባሩን በአውራ ጣቱ ጠረግ ያደርግና «ይሄ ሲደርቅ ጡረታ እወጣለሁ» ይላል። ያወደሳቸውን ሰዎች በማግስቱ አያስታውሳቸውም። እነሱም ቢሆኑ ከትከሻዋ ዘፈን ሌላ የእሱን አንድ ስንኝ አያውቁም። እኩል ነበሩ ማለት ይቻላል።

ድምፁ ግን ድምፅ ነበር። ያናድደኝ የነበረውም ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ ይዞ የሰው አጎት ሲያወድስ መኖር።

በአዘቦት ቀን ብሪን ሰፈር ካለ የጎማ መጋዘን ዕቃ የሚያመላልስ ቫን ይነዳ ነበር። ኪቦርዴንም የምንጭነው በዚያው መኪና ነው። አብሮት የሚሠራው ሽማግሌ ኖርዌጂያን ሬዲዮውን ካንትሪ ላይ አድርጎ ስለሚተወው፣ ጧት ማታ ስለ ውሻ፣ ስለ ባቡርና ስለ ሄደች ሚስት እየሰሙ ነው የሚውሉት። አንድ ቀን ሁለታችንም በምንኖርበት ስቶቭነር ሰፈር፣ ቤቴ በር ላይ አድርሶኝ ልወርድ ስል እጄን ያዘኝ። «ቆይ፣ አላለቀም» አለኝ። ሞተሩን አጥፍቶ ሬዲዮውን አላጠፋውም። ሁለታችንም እንደ ጅል ተቀምጠን አንድ ሰውዬ ስለ አሮጌ መኪናው ሲያንጎራጉር ሰማን።

ሲያልቅ ስለ አባቱ ነገረኝ። አባቱ በአሰብ መንገድ ባለ ተሳቢ መኪና የሚነዳ ሾፌር ነበር። ጋቢናው ውስጥ ያለው ካሴት የፈረንጅ ካንትሪ ብቻ ነው። «እንግሊዝኛ አንድ ቃል አያውቅም» አለኝ በላቸው። «ቤት ደርሶ፣ እኛ በሩ ላይ እየጠበቅነው፣ ዘፈኑ ካላለቀ ከመኪናው አይወርድም። እናቴ ትናደድ ነበር።»

«እሺ፣ እና?» አልኩት።

«እኔን እንደዚያ የሰማኝ ሰው የለም። ሃያ ዓመት ጨፍረውብኛል። የሰማኝ ግን የለም።»

«ጨፍረው አይደል እንዴ የሚሸልሙህ?»

«እሱማ ነው» አለና ሞተሩን አስነሣ።

በሁለተኛው ሳምንት ሥጋ በርካሽ ሊገዛ ስዊድን ድንበር ሄዶ ባርኔጣ ገዝቶ ተመለሰ። ሰፊ፣ ቡናማ፣ ጠርዙ ወደ ላይ የታጠፈ የላም እረኞች ባርኔጣ። በኛ ፊት ላይ የማያምር ነገር አለ ከተባለ እሱ ነው። ጊታር ደግሞ ከአንድ አሮጌ ዕቃ መሸጫ አገኘ። ስለ አባቱ ዘፈን ሠራ፤ በአማርኛ፣ በካንትሪ ዜማ። ታሪኩ አጭር ነው። አንድ ልጅ የአባቱን መኪና ጥሩንባ ሰምቶ እየሮጠ ይወጣል፤ መኪናው ያው የአባቱ መኪና ነው፣ ከጋቢናው የሚወርደው ግን ሌላ ሰው ነው። አባቱ ከሞተ በኋላ በራሱ የሆነበትን ነው የዘፈነው። ዘፈኑ ድንቅ ነበር ብል እዋሻለሁ። መሀሉ ላይ ይንዛዛል፣ ግጥሙም ሁለት ቦታ ይሰበራል። መጨረሻው ግን ሰው ዝም ያሰኛል፤ ዝም ብሎ ለሚሰማ።

ዝም ብሎ የሚሰማ ከየት ይምጣ? መጀመሪያ የዘፈነው እዚያው ስቶቭነር በተደረገ ሠርግ ላይ ነው። የትከሻዋን ዘፈን አቋርጦ ባርኔጣውን አጠለቀና «አሁን እባካችሁ ቁጭ በሉልኝ» አለ። ማን ሊቀመጥ? አንዲት ወጣት ትከሻዋን ለማንቀጥቀጥ ሞከረች፤ ምቱ አልገጥም ሲላት በቆመችበት ቀረች። አንድ ሰካራም ብር ይዞ መጣ፤ ግንባሩን ቢፈልግ ባርኔጣ ነው፤ ቢቸግረው ባርኔጣው ጥብጣብ ላይ ሻጥ አደረገለት። ሌሎቹ ሥጋው ጋ ሰልፋቸውን ያዙ። የሙሽሪት እናት ወደ ኪቦርዱ ተጠግታ «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው? ከሥራ አባረሩት እንዴ?» አለችኝ። የአባትየው መኪና ጥሩንባ ላይ ሳይደርስ ከኋላ «ትከሻዋን! ትከሻዋን!» ብለው ጮኹበት።

ከዚያ ወሬው ተነሣ። የኛ ሰው ጊታር የያዘና ቀስ ብሎ የሚዘፍን ሰው ሲያይ የሚመጣለት አንድ ነገር ብቻ ነው። «በላቸው ጌታን ተቀበለ» ተባለ። ኦርቶዶክሶቹ አዘኑለት፤ ሚስቱን ንግሥትን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ይዘው «እንዲህ ሲሆን ዝም ብለሽ ታይዋለሽ?» አሏት። ጴንጤዎቹ ደግሞ ደስ ብሏቸው እንዲዘምር ጋበዙት። ሄዶ ስለ አሰብ መንገድ ሲዘፍንላቸው መኪናው የመንፈስ ቅዱስ ምሳሌ መስሏቸው እስከ ሁለተኛው ስንኝ ድረስ «አሜን» አሉ። ኖርዌጂያኖቹም አልተሻሉም። አንድ የመጠጥ ቤት ባለቤት አስዘፍኖት ሲያበቃ፣ «ጎበዝ ነህ፤ ከበሮ የለህም? በባርኔጣው ፈንታ ደግሞ የአገርህን ልብስ ብትለብስ» አለው። በላቸው ይህን ሲነግረኝ አልሳቀም። «ሁሉም ትከሻዬን ነው የሚፈልጉት» አለኝ። ግሩፑ ላይማ በየቀኑ አዲስ ቀልድ ነበር፤ ፈረስ ላይ አስቀምጠውት፣ ላም ስባው ስትሄድ አድርገው። ዛሬ ሻማ የሚለጥፉት እነዚያው እጆች ናቸው።

በላቸው ግን ይህን ሁሉ አይቶ የሚያርፍ ሰው አልነበረም። ሠርገኛ ካልተቀመጠልኝ ቤቴ ውስጥ አስቀምጬ አሰማለሁ አለ። ለማን እንደሚዘፍን መረጠና ለእያንዳንዱ ደወለ። ለእኔም ደወለልኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቃል በቃል እንዲህ ነው ያለኝ፦ «ቅዳሜ ጠዋት በጊዜ ቤቴ ኑልኝ። ተሰብስባችሁ እንድትሰሙልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ንግሥት እንዳታውቅ፤ አደራ። ኪቦርድ አታምጣ።»

ሐበሻ ለሆነ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። በማለዳ ኑ፣ ተሰብሰቡ፣ ለሚስቴ እንዳትነግሩ። የንግሥት እናት ደግሞ ደሴ ሆስፒታል መተኛቷን ሁላችንም እናውቃለን። መርዶ ነው። ሰውየው ንግሥት ባርኔጣውን ስለምትጠላ እንዳትከለክለው ፈርቶ እንደሆነ፣ ጠዋት ያደረገውም ከሰዓት በኋላ ሁሉም ቫክት፣ የሥራ ፈረቃው ላይ፣ ስለሚገባ እንደሆነ ማን ያስበዋል? እሱስ ቢሆን እንዲህ ተብሎ የሚጠራ ሰው ምን ለብሶ እንደሚመጣ እንዴት አያስብም? ራሱን ብቻ ሲያዳምጥ የኖረ ሰው ነዋ።

የእድሩ ሊቀመንበር ጋሼ ኃይሉ ወዲያው ነገሩን በእጃቸው አስገቡ። «ጥቁር ልበሱ። በር ላይ ማንም አይናገር። የምናገረው እኔ ነኝ» ብለው አዘዙ። ግሮንላንድ ሱቅ ያላት እትዬ የሺ ሌሊቱን ንፍሮ ስትቀቅል አደረች። ቅዳሜ ጠዋት ስቶቭነር ባቡር ጣቢያ ደጅ ተሰብስበን፣ ጥቁር በጥቁር ሆነን፣ በረዶው ላይ አንድ ላይ ወጣን። የበረዶ ሸርተቴ የተሸከሙ ኖርዌጂያኖች መንገድ ለቀቁልን።

በሩን የከፈተችው ንግሥት ናት፤ ገና ፀጉሯን ያላበጠረች፣ ጋቢ የደረበች። ጋሼ ኃይሉን አየች። የሴቶቹን ጥቁር ነጠላ አየች። የእትዬ የሺን ድስት አየች። ጋሼ ኃይሉ ያዘጋጁትን ሳይጀምሩ «እናቴን» ብላ ወደቀች። ጫማ መደርደሪያውን ይዛው ነው የወደቀችው። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ገቡ፤ ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ። እኔም አለቀስኩ፤ ሴትየዋን አይቻት አላውቅም።

የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተና በላቸው ወጣ። ባርኔጣውን አጥልቋል፣ ጊታሩን አንግቷል፣ ነጩን ጫማ አድርጓል። ጋሼ ኃይሉ ዓይናቸው በእንባ ስለተሸፈነ አላስተዋሉትም፤ ከነጊታሩ አቀፉትና «አይዞህ፣ ወንድ ልጅ ነህ» አሉት።

«ማን ሞተ?» አለ በላቸው።

ሴቶቹ ደረታቸውን መምታት ተዉ። «አንተ ነሃ የምታውቀው» አለችው እትዬ የሺ።

«እኔማ ዘፈን ላሰማችሁ ነው የጠራኋችሁ።»

ከዚያ በኋላ የተባለውን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። ጋሼ ኃይሉ «አንተ ሰውዬ፣ እኔን በዚህ ዕድሜዬ» ብለው መጨረስ አቃታቸው። ንግሥት ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች ደሴ ደወለች። እናቷ ራሳቸው አነሡት። ነገሩ ሲነገራቸው በስልኩ ውስጥ ሳቃቸው ተሰማ። «እኔ ሳልሞት ንፍሮ ቀቀላችሁ?» አሉ። «እስቲ በላቸውን ስጪኝ። ለመሆኑ ምን ዓይነት ዘፈን ነው?»

በላቸው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አቁሞ ዘፈነላቸው። ያን ጊዜ ሌሎቹ ምን እያደረጉ ነበር? ጫማ እያሰሩ። እትዬ የሺ የድስቷን ክዳን እየፈለገች። አንዱ ደግሞ በሩ ሥር ቆሞ ባርኔጣውን በስልኩ እየቀረፀ። በደሴው ስልክ በኩል ግን ትንፋሽ ብቻ ነበር። ዘፈኑ ሲያልቅ አሮጊቷ «መኪናውን ታዲያ እናትህ ሸጠችው?» አሉ።

«ሸጠችው፣ እማማ» አለ በላቸው። እሱን ሳውቀው ለመጀመሪያ ጊዜ ያላጌጠ ድምፅ ሲወጣው የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ከሰኞ ጀምሮ ስሙ «መርዶ ነጋሪው» ሆነ። ሠርግ የጠራው የለም፤ ማን ሙሽራ አጠገብ መርዶ ነጋሪ ያቆማል? እኔም ለሌላ ዘፋኝ መጫወት ጀመርኩ፤ የአጎት ስም ጠይቆ የሚያወድስ፣ ድምፅ ግን የሌለው። በላቸው ቫኑን እየነዳ፣ ባርኔጣውን እንዳጠለቀ፣ አንገቱን አሁንም ለጠጥ አድርጎ ይኖር ነበር። ጉራው አልቀነሰም። «ጥሩ አድማጭ አለኝ» ይለኛል። እሑድ እሑድ ደሴ እየደወለ ለአማቱ ይዘፍናል። እሳቸውም ይጠይቁታል፤ ልጅቷ ለምን ሄደች፣ በሬውን ማን ወሰደው፣ ዝናቡ ዘነበ ወይ። ንግሥት መጀመሪያ ከኩሽና ሆና ድስት እያንኳኳች ትቃወም ነበር። በኋላ ድስቱን መተዋን ራሱ ነው የነገረኝ።

አሮጊቷ በሚቀጥለው ክረምት ሞቱ። ከደሴ እንደ ወጉ ለንግሥት ሳይሆን ለበላቸው ተደወለ። በላቸው ለጋሼ ኃይሉ ደወለ። ጋሼ ኃይሉ ራሳቸው እንደነገሩኝ፣ መጀመሪያ ከአፋቸው የወጣው ማጽናኛ አልነበረም። «ማልልኝ» ነው ያሉት። ሰውየው አማቱ መሞታቸውን በመድኃኔዓለም ማለ።

ከዚያ ለሰዉ ደወሉ። የሰዉን መልስ አንድ በአንድ ነገሩኝ፤ ዛሬ ከየሻማው ሥር የማነበው ስም ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። «ናይ፣ አይሆንም ጋሼ፣ በማለዳ ዘፈን አልችልም።» «ጊታሩን ተቀብላችሁት ከሆነ እመጣለሁ።» አንዱ እየሳቀ ስልኩን ለሚስቱ ሰጣት፤ እሷም ስቃ ዘጋችው። «ቀኝ እጄን አጣሁ» ያለው ሰው ደግሞ «ያ፣ ያ፣ እሺ፣ እመጣለሁ» ብሎ ቀረ።

የሄድነው ጋሼ ኃይሉ፣ እትዬ የሺና እኔ ነን። እትዬ የሺ ንፍሮ አልያዘችም። «እስኪጣራ ብዬ ነው» አለችኝ ደረጃው ላይ። ጥቁሯንም ከካፖርቷ ሥር ደብቃ ነበር የለበሰችው።

ንግሥት በሩን ከፈተች። አየችን፤ ጠዋት ነው፣ ተሰብስበናል፣ በር ላይ ማንም አይናገርም። ፊቷ በራ። «ይሄ ሰው ደግሞ ጠራችሁ?» ብላ ሳቀች። «ግቡ፣ ግቡ። የዛሬዎቹ ጥቂት ናችሁ። ልክ ነው፣ ሰው መርጧል።» ጋሼ ኃይሉ ያዘጋጁትን ሊጀምሩ ሲሉ ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸው። ወንበር አስተካክላ አስቀመጠችን። «ያን ቀን በጩኸቴ አበላሽቼበታለሁ» አለች። «እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። እማዬ እንኳን ‹አንቺ ነሽ ያልሰማሽው› ትለኛለች። ዛሬ ግን ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።» ፀጉሯን በእጇ አስተካክላ ፊት ለፊት ያለው ሶፋ ላይ ተቀመጠች፤ እጇን ጉልበቷ ላይ አጣጠፈች። «በላቸው» ብላ ጠራችው ወደ መኝታ ቤቱ፤ «ና በል፣ ተቀምጠናል።»

በሩ ተከፈተ። ባርኔጣ የለም። ጊታር የለም። ባዶ እግሩን ነው የወጣው። ሁላችንም ተቀምጠናል፣ ማንም አልተንቀሳቀሰም፣ ሁሉም እሱን ነው የሚያየው።

«ንግሥት» አለ። «እማማ...»

እሷ ገና ፈገግ እንዳለች ነበረች።